ተቀባይ የሚሻ ዜማ

በአዲስ አበባ፣ በካዛንቺሱ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ሥዕል፣ ማሲንቆና በቅጽበት የሚፈጠር ሙዚቃ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ቤቱ ፈርሷል፤ ጥበቡ የት ይኑር የሚለው ጥያቄ ግን ገና መልስ ይፈልጋል።

ፈንድቃ ካዛንቺስ ሳለ፣ ግርግር ባለበት ምሽት ከሦስት ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው መቀመጫ ካገኘ ዕድለኛ ነበር። ዝቅ ዝቅ ያሉት ዱካዎች ቀድመው ይያዛሉ፤ የዘገየው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል ወይም በሩ ላይ ተጨናንቆ አንገቱን ያሰግጋል። በሙዚቀኛውና በታዳሚው መሃል ይህ ነው የሚባል ርቀት የለም። ከበሮ መቺው ክንዱን ሲያነሣ ፊት የተቀመጠው ሰው ብርጭቆውን ወደ ራሱ ይስባል። በዚያው ግቢ ጋለሪ ነበረ፤ የወጣትና የአንጋፋ ሠዓሊያን ሥራዎች ይሰቀሉበት ነበር። ሙዚቃ ሊሰማ የመጣው ሥዕል ያያል፤ ሥዕል ሊያይ የመጣውም ሙዚቃው ይዞት ያመሻል።

ከውጭ እንግዳ ሙዚቀኛ የመጣ ዕለት ደግሞ የተለመደው የዘፈን ቅደም ተከተል ይቀራል። ሳክስፎን የያዘው እንግዳ ዜማ ብሎ አይጀምርም፤ ትንፋሹን ብቻ በቱቦው ውስጥ ያሳልፋል፣ የቁልፎቹን ቅጭልጭልታ ያሰማል። ማሲንቆ ተጫዋቹ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት ያዳምጥና ደጋኑን በገመዱ ላይ እያሻሸ ሲቃ የመሰለ ድምፅ ይመልስለታል። እንግዳው ያንን ሲቃ ያነሣና ያረዝመዋል። ከበሮው አይቸኩልም፣ ይጠብቃል። ታዳሚው መሃል አንዱ «እሰይ!» ሲል ከበሮው ገባ ይላል፤ ወዲያው ትከሻ ይነቃል። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ተወዛዋዡን ይምራው ወይስ ተወዛዋዡ ሙዚቃውን፣ መለየት ያስቸግራል። ሲያበቁ የዘፈኑን ስም የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም፤ ስም የሚወጣለት ዘፈን አልነበረምና።

ሙዚቀኞች ይህን ነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ይሉታል። ኖታ የለም፤ ቅኝቱም፣ ምቱም፣ ርዝመቱም አስቀድሞ አልተቆረጠም። ይህ ማለት ግን እንደልቡ የሚጮህበት ጨዋታ ነው ማለት አይደለም። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች የሚያከብሯቸው ያልተጻፉ ደንቦች አሉ። ከመጫወት ይልቅ ማዳመጥ ይቀድማል። ጓደኛህ ያመጣውን ድምፅ እንዳለ መድገም ስንፍና ነው፤ ጨርሶ መተውም ንቀት ነው። ባዶ ቦታ መተው መጫወት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ማብቂያውን ማወቅ ነው፤ ማንም ሳይጠቅስ ሦስትና አራት ሰው በአንድ ጊዜ ዝም የሚልበትን ጊዜ ማሽተት።

ይህን ጥበብ የአውሮፓ ሙዚቀኞች አምጥተውልን ካዛንቺስ ውስጥ ዘሩት የሚል ካለ ነገሩን ገልብጦ ነው ያየው። እነሱ ፈንድቃን ፍለጋ የመጡት ራሳቸው የሚወዱትን ነገር እዚያ በቆየ መልኩ ስላገኙት ነው። የአዝማሪ ቤት ሲጀመር ጀምሮ የቅጽበት ጥበብ ቤት ነው። ከአውሮፓው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ እዚህ ታዳሚውም ድርሻ አለው።

ከባንኮኒው ሥር የተነሣው ልጅ

ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ወደ ፈንድቃ የገባው በባለቤትነት አልነበረም። በልጅነቱ የጎዳናን ኑሮ ያውቃል። እስክስታውን ይዞ ወደ አዝማሪ ቤቱ ከመጣ በኋላ ለሚሸለመው ብር እየጨፈረ፣ ደንበኛው ሲበተን ባንኮኒው ሥር እያደረ ዓመታት አሳልፏል። ይህን ታሪክ ራሱ በየቃለ ምልልሱ ሳይደብቅ ይናገረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ተረክቦ በራሱ መንገድ ይመራው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ አዝማሪ ቤቱ ሰፍቶ የሥዕል ጋለሪ ያለው የባህል ማዕከል ሆነ።

በዚህ መሃል ኢትዮከለር የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ከድምፃውያንና ከተወዛዋዦች ጋር አንድ ላይ የሚቆሙበት ቡድን ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ዞሯል። የፈረንሳይ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2015 ለመላኩ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ የክብር ኒሻን ሰጥቶታል።

ውዝዋዜውን ለሚያይ ሰው የመላኩ ትከሻ ሌላ የምት መሣሪያ ነው። ከበሮው በአንድ በኩል ሲሄድ ትከሻው በሌላ በኩል ይቆጥራል፤ አንገቱ ሦስተኛውን ምት ይይዛል። ከበሮ መቺው ዓይኑን ከትከሻው ላይ አያነሣም። ተወዛዋዡ ምቱን ሊያፈርሰው ነው ብሎ የጠረጠረ እንደሆነ ቀድሞት ያፈርሳል፤ አንዳንዴም ትከሻው ድንገት ይቆምና ከበሮው ብቻውን በባዶው ላይ ይቀራል። ያኔ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ይሞላል፤ ሊያዝ ሲል ያመለጠውን ሰው አይቷላ። ከነፃ ኢምፕሮቫይዜሽን ሙዚቀኞች ጋር ለመግባባት መላኩ ሌላ ቋንቋ መማር ያላስፈለገውም ለዚህ ነው። ባህላዊ የምንለው ጭፈራ ሲፈጠርም ተቆጥሮ የተቀመጠ እርምጃ አልነበረም፤ የቆጠረው በኋላ የመጣው የመድረክ ዳይሬክተር ነው።

ጋለሪውን ከአዝማሪ ቤቱ ጎን ማድረጉም ለጌጥ አልነበረም። በአዲስ አበባ የሥዕል ዐውደ ርዕይ የሚያየው ሰውና አዝማሪ ቤት የሚያመሸው ሰው ብዙውን ጊዜ አይገናኙም። አንዱ ሥዕል መክፈቻ ላይ በእጁ ብርጭቆ ይዞ በለሆሳስ ያወራል፤ ሌላው ዱካ ላይ ተቀምጦ ከአዝማሪ ጋር ይሰዳደባል። ፈንድቃ ሁለቱን በአንድ በር አስገባቸው። ሠዓሊ፣ ገጣሚ፣ ጋዜጠኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ የድርጅት ሠራተኛና ቱሪስት አንድ ዓይነት ዱካ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጥበት ተቀመጡ።

ወራሪ ያሠራው ሰፈር፣ አዝማሪ የወረሰው ሰፈር

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ፋሽስት ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው መኖሪያ ቤቶች ነው። ይኸው ወራሪ አዝማሪን ምን ያህል ይፈራው እንደነበር መዝገብ ላይ የሰፈረ ታሪክ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገና አዲስ አበባ ከተጨፈጨፈች በኋላ፣ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር እየተለቀሙ እንዲገደሉ ታዘዘ። ጦር ያልታጠቀ ሰው በማሲንቆ ምክንያት ሞት የተፈረደበት ያለ ነገር አልነበረም። አዝማሪ የሚለው ነገር አስቀድሞ አይጻፍም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊመረመር አይችልም። ዛሬ ማታ በዚህ ቤት የተባለው ስንኝ ነገ ሰባት ሰፈር ይደርሳል፤ የተናገረውም ሰው «እኔ ስለ ከብት ነው የዘፈንኩት» ማለት ይችላል።

ነፃነት ተመለሰ፤ ቤቶቹ ግን ቀሩ። ሰፈሩ ዳር ላይ ከጊዜ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕልም መግቢያውን አለበሰው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። የዓለም ዲፕሎማት በአንድ በኩል፣ የሰፈር ጠጅ ቤትና ቡና ቤት በሌላ በኩል እየተጎራበቱ ካዛንቺስ የምሽት ሰፈር ሆነ።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ያንን ምሽት ዘጋው። እስከ ንጋት የሚዘልቅ ጨዋታ የታጠቀ ጥበቃ በሚዞርበት ከተማ ውስጥ አይታሰብም፤ ሙዚቀኞች ሆቴል ውስጥ በር ዘግተው ከታዳሚው ጋር አብረው ማደር ጀመሩ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የታፈነው ሌሊት ተፈታ። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ አዝማሪዎች በካዛንቺስና በዮሐንስ ሰፈር ጠባብ ቤቶችን እየተከራዩ አዝማሪ ቤት ከፈቱ። ፈንድቃ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። በአንድ ወቅት በሰፈሩ ጎን ለጎን ከነበሩት ቤቶች አብዛኞቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ እሱ ቀረ።

አንድ ገመድ፣ አንድ ስንኝ

ማሲንቆን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከእንጨት የተሠራ፣ ማዕዘኑ ወደ ላይና ወደ ታች የዞረ ሳጥን ነው፤ በሁለቱም ገጽ ቆዳ ተወጥሮበታል። ከሳጥኑ ረዥም አንገት ይወጣል። ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ገመድ ከታች ተነሥቶ በትንሽ ድልድይ ላይ አልፎ አንገቱ ጫፍ ያለው መቃኛ ላይ ይታሰራል። ደጋኑም የፈረስ ጭራ አለው። አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለም፤ ጣቱም ገመዱን እስከ እንጨቱ አይጫነውም፣ በጎን ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ በሁለት ድምፆች መሃል ያለው መንገድ ሁሉ ክፍት ነው። ፒያኖ የማይደርስበትን ስንጥቅ ማሲንቆ ይደርስበታል።

አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። አምስት ድምፅ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያነሰ ፊደል የያዘ ሰው በአነጋገሩ መራቀቅ ግድ ይሆንበታል። ድምፅን ማንቀጥቀጥ፣ ማዘግየት፣ ከላይ መጥቶ ማረፍ፣ ከታች ቆንጥጦ ማንሣት፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ድምፃዊውና ማሲንቆው አንድ ዜማ ይዘው ሲሄዱ እንኳ በትክክል አንድ አይሉም። አንዱ ቀደም፣ አንዱ ዘግየት ይላል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው አዝማሪው የሚያስበው።

ማሰቢያ ጊዜ ያስፈልገዋላ። ታዳሚው መሃል አንዱ እጁን አንሥቶ «ተቀበል!» ሲል የሚመጣውን አያውቅም። ማሲንቆው ሳይቋረጥ አዝማሪው ጆሮውን ያዘነብላል። ደንበኛው ስንኙን ይነግረዋል፤ ስለ ጓደኛው ራሰ በራነት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ካጠገቡ ስለተቀመጠችው ሴት፣ አንዳንዴም በሰምና ወርቅ ስለተጠቀለለ ፖለቲካ ሊሆን ይችላል። አዝማሪው ስንኙን በዜማ ይመልሰዋል። ደግሞ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ድግግሞሽ ለታዳሚው ማጣጣሚያ ነው፤ ለአዝማሪው ግን ሥራ ነው፣ ቤት የሚመታ ቃል እየፈለገ ነው። ሲያገኘው ከራሱ አንድ ስንኝ ይጨምርና ወደ ሰጪው ይመልሰዋል፤ ብዙ ጊዜም ከሰጪው የበለጠ ይነድፋል። ደንበኛው ከተረታ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ካልተረታ ሌላ ስንኝ ይሰጣል።

ይህ ጨዋታ ሥሩ ሰፊ ነው። አዝማሪውን በጎሪጥ የምታየው ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ቤቷ ያንኑ ክህሎት በሌላ ማዕረግ ስታስተምር ኖራለች። ተማሪው ከባለ ሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ባለ ስምንቱ መወድስ በየዕለቱ አዲስ መቁጠር አለበት። በማኅሌት ቆሞ የሚዘርፈው ቅኔ ለዚያ ቀን፣ ለዚያ በዓል የተባለ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ የቀረበ ያፍራል። የቅኔው ሊቅና አዝማሪው በአንድ ገበታ አይቀመጡ ይሆናል። የሚፈሩት ነገር ግን አንድ ነው፤ ቀድሞ የተባለን መልሶ ማለት።

ፉከራ በሳክስፎን

የቅጽበት ጥበባችን ከዓለሙ ነፃ ሙዚቃ ጋር የተገናኘበትን ድልድይ ማንም አስቦ አልሠራውም፤ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው ያበጁት። ገና በአፍላነታቸው በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራን ተቀላቀሉ፤ በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገለገሉ። የሳቸው ትልቁ ሥራ ሽለላንና ፉከራን ከጀግናው አፍ አንሥተው ወደ ሳክስፎን ማስገባታቸው ነው። ፉከራ በምት አይታሰርም። ፎካሪው ትንፋሹ እስከቻለ ይሄዳል፣ ይቆርጣል፣ ያጓራል፣ ድንገት ይወርዳል። ጌታቸው ያንን ሁሉ በብረት ውስጥ አሳለፉት፤ አንዳንዴም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው መድረክ ላይ ወጡ።

የፍሪ ጃዝ አድማጮች ይህን ድምፅ ሲሰሙ አሜሪካዊው የሳክስፎን ተጫዋች አልበርት አይለር ትዝ ይላቸዋል። ምንጩ ግን የጦር ሜዳ ፉከራ ነው እንጂ የኒውዮርክ ክለብ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛው አልበም ለጌታቸው ብቻ የተሰጠ ነው። የሆላንዱ ቡድን «ዘ ኤክስ» ሙዚቃቸውን ወድዶ እ.ኤ.አ. በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓሉ ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከፓንክ ሙዚቃ የተነሣና ከኢምፕሮቫይዜሽን ሙዚቀኞች ጋር አብሮ የኖረ ቡድን ነው። ጌታቸው እነዚህን ኤሌክትሪክ ጊታር የሚያጮኹ ነጮች አጃቢዎቼ ትሆናላችሁ ብለው መረጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ፤ በ2012 ሁለተኛው ተከተለ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 እስካረፉ ድረስ በእርጅና ዕድሜያቸው የአውሮፓን መድረኮች ሲያናውጡ ቆዩ።

«ዘ ኤክስ» ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሰ ጓደኞቹንም አስከትሎ መጣ። ፈንድቃ የእንግዶቹ ማረፊያ የሆነው በዚህ መስመር ነው። ኖርዌያዊው ከበሮ መቺ ፖል ኒልሰን ሎቭና ስዊድናዊው የሳክስፎን ተጫዋች ማትስ ጉስታፍሰን ከክራር ተጫዋቹ መሰለ አስማማው ጋር «ባሮ 101» የተባለ አልበም ሠርተዋል። ክራሩ እዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል ይጮኻል፤ ግን ጣቶቹ የሚያውቁት ያንኑ ቅኝት ነው። ኒልሰን ሎቭ ቆይቶም ብዙ ሙዚቀኞች ያሉበትን ቡድኑን ከፈንድቃ ሰዎች ጋር አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 «ኢትዮብራዝ» የተባለ አልበም አወጣ።

እነዚህን ቅጂዎች የሰማ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ነፃ ሙዚቃ ሁልጊዜ ምትን ይሸሻል ይባላል። ከበሮ፣ ክራርና ትከሻ ሲገቡበት ግን ወደ ምት ይመለሳል፤ ሲመለስም አይታሰርም። የአውሮፓው ሙዚቀኛ ከአዝማሪ ቤት ይዞ የሄደው ትምህርት ይኼ ይመስለኛል፦ ሰው እየጨፈረም ነፃ መሆን ይችላል።

ሥዕል ሲሰማ፣ ሙዚቃ ሲታይ

ለምን ጋለሪ ውስጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በአውሮፓ የቅጽበት ሙዚቃና ዘመናዊ ሥዕል ጉርብትናቸው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ላይ «ኤኤምኤም» የተባለውን ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ኪዝ ሮው የሥዕል ትምህርት የተማረ ጊታሪስት ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ሸራውን ከማቆሚያ አውርዶ ወለል ላይ ዘርግቶ እንደሣለ አስቦ፣ እሱም ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ደረት ላይ ታቅፎ የሚመታ መሣሪያ መሆኑ ቀረ፤ ላዩ ላይ ልዩ ልዩ ዕቃ እየተጎተተ ድምፅ የሚወጣበት ገጽ ሆነ።

በእኛም ሀገር በሁለቱ መሃል ያለው አጥር ዝቅተኛ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም ነበሩ፤ አንዱ የሌላው ትርፍ ሥራ አልነበረም። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልጆችም ግጥም በጃዝ እየተባለ በሚነበብበት ምሽት ላይ እንግዳ ሆነው አያውቁም።

ክፍሉ ራሱ ግን በሙዚቃው ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። ሥዕል ማሳያ ክፍል ብዙውን ጊዜ ነጭ ልስን ግድግዳ፣ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለልና ባዶ መሃል አለው። ድምፅ እዚያ ይመላለሳል። ከበሮ በኃይል ሲመታ ሁለተኛው ምት ሳይመጣ የመጀመሪያው ገና ይጮኻል፤ ጨዋታው ይቦካል። በዚያው ክፍል ማሲንቆና ትንፋሽ ይደምቃሉ፤ ደጋኑ ገመዱን ሲነካ የሚሰማው ሽክርታ እንኳ ጥግ ላይ ላለው ይደርሳል። ስለዚህ ጋለሪ ውስጥ የሚጫወት ሰው እጁን ያቀላል፣ ዝምታን ያበዛል። አዝማሪ ቤቱ በተቃራኒው በሰው፣ በልብስና በስፌት የተሞላ ጠባብ ክፍል ነው፤ ድምፁን ይውጠዋል። እዚያ ያመነታ አይሰማም። ስለዚህ አዝማሪ ቤት በርቱ ይላል፣ ጋለሪ ደግሞ አዳምጡ ይላል።

ከግድግዳው ይልቅ የሚለየው የሰው ጠባይ ነው። ጋለሪ ውስጥ ታዳሚ ዝም ይላል፤ ሲያበቃ ያጨበጭባል። ይህ ጨዋነት ጥቅም አለው፣ ቀጭን ድምፅ ይድናል። ጉዳትም አለው፤ ሙዚቀኛው መልስ አያገኝም፣ ሥራው ከሥዕሎቹ እንደ አንዱ ይሰቀላል። አዝማሪ ቤት ደግሞ ታዳሚው ይመልሳል፣ ይሳደባል፣ ያርማል፣ ይሸልማል። የፈንድቃ ብልሃት ሁለቱን ጠባዮች ማዳቀሉ ነበር። ሥዕል ለማየት የመጣው ሰው ማዳመጥን ይዞ ገባ፤ አዝማሪ ቤት ያደገው ሰው መመለስን ይዞ ገባ። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነገር ይህ ነው። ኢምፕሮቫይዜሽን የሙዚቀኛው ብቻ ችሎታ ተደርጎ ይወራለታል፤ ታዳሚው ተቀባይ ካልሆነ ግን ፈጣሪው ብቻውን የሚያወራ ሰው ነው።

ግንቡ ከፈረሰ በኋላ

በ2017 ዓ.ም. መባቻ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛወሩ፤ ሱቆች፣ ቡና ቤቶችና መኖሪያዎች ተነሡ። ፈንድቃም ከነጋለሪው ፈረሰ። በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት፣ ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ አዳራሽ 57 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው እድሳት ተጠናቆ ተመረቀ። የአፈወርቅ የመስተዋት ሥዕል ተጠርጎና ተጠግኖ እንደገና በራ። የመስተዋት ሥዕል ተለቅሞ፣ ተቆጥሮ፣ ታጥቦ ይመለሳል። አዝማሪ ቤት ውስጥ የነበረው ነገር እንዲህ በሣጥን አይታሸግም።

ፈንድቃ አልሞተም። እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ሥራውን ቀጥሏል። ቂርቆስ ለሙዚቃ ባዳ አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄም የአፍሪካ ጃዝ መንደርን ያቋቋሙት እዚያው ጊዮን ሆቴል ግቢ ነው። ሆቴል ጥላ መሆኑ ደግ ነው፤ መብራት አይጠፋም፣ ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነው፣ እንግዳ ሙዚቀኛም በቀላሉ ያገኘዋል። ሆኖም የሆቴል በር የካዛንቺስን በር አይተካም። ዘበኛ ቆሞ የሚፈትሽበት በር የሰፈሩን ልጅ ሳይከለክለው ያሳፍረዋል። «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ልጅ ነው።

ከተማ አይታደስ የሚል ሰው የለም። የካዛንቺስ ጭቃና የተጣበቀ ቆርቆሮ ለቱሪስት ፎቶ እንጂ ለነዋሪው ጌጥ አልነበረም። ክርክሩ በአዲሱ ፕላን ላይ ለምን ዓይነት ክፍል ቦታ ተያዘ የሚለው ነው። ትልቅ አዳራሽና ሙዚየም ይሠራል፤ የሥዕል ማሳያም ይታሰብበት ይሆናል። አንድ መቶ ሰው የሚይዝ፣ ወለሉ ከመድረኩ እኩል የሆነ፣ የቀን ሠራተኛ ኪሱን ሳይፈራ የሚገባበት፣ ግድግዳው ለሠዓሊ ክፍት የሆነ፣ እስከ እኩለ ሌሊት መጮህ የሚፈቀድበት ክፍል ግን በፕላን ላይ ካልተጻፈ በራሱ አይበቅልም። ድሮ በርካሽ ኪራይ በራሱ ይበቅል ነበር፤ ርካሽ ኪራይ ከካዛንቺስ ጋር ሄዷል።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። በአዲስ ከሚሠሩት ሕንፃዎች በአንዳንዶቹ ምድር ቤት አንድ ክፍል በአነስተኛ ኪራይ ለአዝማሪና ለሠዓሊ ማኅበር ይመደብ። ግድግዳው በስፌትና በጨርቅ ይለበስ፤ ድምፁን ይቆጣጠራል፣ ከጎረቤትም ያስታርቃል። በሩ ወደ መንገድ ይከፈት እንጂ በሆቴል ሎቢ አይዙር። የሚጫወተውን ሰው ማዘጋጃ ቤት ማምጣት የለበትም፤ ሰዎቹ አሉ፣ ማሲንቆውም አለ፣ ከኦስሎና ከአምስተርዳም የሚመጣውም እንግዳ መንገዱን ያውቃል። የፕሮግራም ወረቀትም ማተም አያስፈልግም፤ በሩ ከተከፈተ ታዳሚው ስንኙን ይዞ ይመጣል።